«ወላጅ አምጣ»

ለጥምቀት ባሕር ዳር ገብቼ፣ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ የእህቴ ልጅ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። ክፍል ውስጥ ሞባይል ሲነካካ ተይዞ ነው። እህቴ ከሥራ መቅረት አልቻለችም። «አንች ሂጅልኝ» አለችኝ። እኔ በልጅነቴ እንዲሁ ስባል በአባቴ ፈንታ ጎረቤት ለምኜ ይዤ ሄጃለሁ። አሁን ተራው የኔ ሆነ።

ዩኒት ሊደሩ መሳቢያውን ሳበው። ስልኮች በላስቲክ ታስረው ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ ስምና ክፍል የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች። የኛው ስክሪኑ የተሰነጠቀው ነው።

«እናቱ ነዎት?»

«አክስቱ ነኝ። የምኖረው እንግሊዝ ነው።»

«እዚያ ተማሪ ሲያጠፋ ምን ያደርጋሉ?»

ወሬው ከልጁ ወደኔ ዞረ። አምና ልጄ የቤት ሥራ ሳትሠራ ሄዳ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለቅጣት አስቀሯት። የሰማሁት በአንድ መስመር ኢሜይል ነው። «ሳልፈቅድ እንዴት?» ብዬ እየተንጨረጨርኩ ሄድኩ። የሥነ ምግባር ደንባቸውን አትመው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ለካ በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ሕግ ደንቡን የማውጣቱን ሥልጣን የሰጠው፣ ቦርዱ ባስቀመጠው መርህ መሠረት፣ ለርዕሰ መምህሩ ነው። ተማሪን ለቅጣት ለማስቀረት የወላጅ ፈቃድ አያስፈልግም። ማገድም ይችላሉ፤ ግን በአንድ የትምህርት ዘመን ከ45 የትምህርት ቀን አይበልጥም። ዱላ የሚባል ነገር የለም።

«እኛም ጋ በሕገ መንግሥቱ ተከልክሏል፤ አንቀጽ 36» አለ ፈጠን ብሎ። ከቁም ሳጥኑ ጎን የቆመችውን አርጩሜ ሁለታችንም አየናት።

«እሷ ሰሌዳ መጠቆሚያ ናት።»

እሺ ይሁን።

«ስልኩ መቼ ይመለሳል?» አልኩት።

«ሴሚስተሩ ሲያልቅ።»

«የት ተጽፏል?»

«ይታወቃል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ደሜ ፈላ። እዚያ የከፋኝ ሳይጠይቁኝ በመቅጣታቸው ነው። ግን ልኩ ተጽፏል፤ አንብቤ ልከራከር እችላለሁ። «ይታወቃል»ን በምን ትከራከሪዋለሽ? ደግሞ ሰውየውን ጠላሁት ማለቴ አይደለም። የልጁን ስም እስከ አያቱ ያውቀዋል፤ ሒሳብ ላይ እየደከመ መሆኑን የነገረኝም እሱ ነው። የልጄን ርዕሰ መምህርት ግን በሦስት ዓመት ያየኋት ሁለቴ ነው።

ፈርሜ ወጣሁ። ልጁ ባጃጁ ውስጥ እስክንገባ ትንፍሽ አላለም።

«እትዬ፣ እዚያ ቢሆን ዛሬውኑ ይመልሱልኝ ነበር?»

«እንደ ትምህርት ቤቱ ነው።»

«ያው ነዋ!» ብሎ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።