ጭሱና ውርጩ

«መስኮት ብከፍት ጭሱ ይወጣል አልሽኝ ልጄ፤ ውርጩንስ ማን ያስወጣልኛል?» አሉኝ ዛሬ መንዝ ውስጥ አንዲት እናት።

ኩበት እየነደደ ነበር። ከምድጃው በላይ ያለው ጣሪያ ጥቀርሻ ከመልበሱ የተነሳ እንጨቱ ከሣሩ አይለይም፤ ጥቀርሻው እንደ ክር ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የልጅ ልጃቸው ዓይኑን እያሸ ይስላል። የምድጃ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች እንደሚያጋልጥ ነገርኋቸው፤ በጥሞና ሰሙኝ። ግን በዚያ ደጋ ብርድ ሌሊቱን የሚያድሩት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ቤቱን አብረን ዞርን። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ነፋስ በማይመታው በኩል፣ ከጣሪያው ግርጌ፣ የጭስ መውጫ የሚሆነውን ቦታ ራሳቸው መረጡ። ምግብ ሲበስልም ልጁ ደጅ ፀሐይ ላይ እንዲቆይ ተስማማን። (ፎቶ አላነሳሁም፤ ጓዳቸው የእሳቸው ነው።)

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ጤናን እስከ ቤት ማድረስ ነበር። በሰው ቤት ግን እኛ ነርሶች እንግዶች ነን። ፈቃድ መጠየቅና የባለቤቱን ምክንያት ማድመጥ የሙያችን ግዴታ ነው፤ ውለታ አይደለም። «መስኮት የለውም» ብሎ መዝግቦ መውጣት በጣም ያናድደኛል።

ቀዳዳውን የጎረቤት ወጣቶች ሊከፍቱላቸው ቃል ገብተዋል። እኔም የልጁን ሳል ለማየት እመለሳለሁ፤ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን ተባብለናል።