ሻምበል ዛሬ ተኝቶ ጮኸ

የሮትዋይለር ዘር ያለበት ውሻችን ሻምበል ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ክብደቱም 45 ኪሎ ነው። በመጋቢት መጨረሻ በቀኝ የፊት እግሩ ማንከስ ሲጀምር፣ ባሕር ዳር ሽንብጥ ሰፈር ያለው ግቢያችን አጥር ላይ ሲንጠላጠል ወለም ብሎት ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅባት አሸሁት። ያሸሁት ከአንጓው ከፍ ብሎ እንደ ሎሚ ጠጥሮ የወጣውን፣ ሲነኩት የሚሞቀውን እብጠት እንደ ነበር ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሲያሳየኝ የአጥንቱ ጫፍ ነቀዝ የበላው እንጨት መስሎ ነበር፤ ከዳሩ ደግሞ አዲስ አጥንት እንደ ፀሐይ ጮራ ወደ ሥጋው ተበትኗል። ናሙና ሳይመረመር ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ቢነግረኝም፣ የውሻው ግዝፈት፣ ዕድሜውና የእብጠቱ ቦታ ኦስቲኦሳርኮማ ወደሚባለው የአጥንት ካንሰር እንደሚያመለክቱ አልደበቀኝም። ክፋቱ ሕመሙ እግር ላይ አለመቅረቱ ነው። የሻምበል የሳንባ ራጅ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በሽታው ከተገኘባቸው 10 ውሾች በ9ኙ ገደማ፣ በራጅ የማይታይ የካንሰር ሕዋስ ቀድሞ ተሠራጭቷል። በዚህም ምክንያት እግሩ ቢቆረጥ ሥቃዩ ይቀራል እንጂ፣ ያለ ኬሞቴራፒ የሚኖረው ጊዜ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ወር፣ ከኬሞቴራፒ ጋር ደግሞ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ነው። ኬሞቴራፒውን ላገኝለት አልቻልኩም፤ የኋላ እግሮቹም ቀድሞውኑ መገጣጠሚያቸው የታመመ ስለሆነ በሦስት እግር ላቁምህ ማለቱ ጭካኔ መስሎ ታየኝ። ሥቃዩን እያስታገስኩ ላኖረው ወሰንኩ።

ጎረቤታችን በቅንነት አይቡፕሮፌን ይዘውልኝ መጥተው ነበር፤ እንዲህ ያለው የሰው ማስታገሻ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት እንደሚጎዳ ስነግራቸው «ውሻ ደግሞ የራሱ መድኃኒት አለው?» ብለው ተገረሙ። አለው፤ ሐኪሙ በኪሎው ልክ ያዘዘለትን ሜሎክሲካምና ጋባፔንቲን የሚባሉ ማስታገሻዎች እንሰጠዋለን። የተቦረቦረ አጥንት በአንድ ዝላይ ሊሰበር ስለሚችል፣ የበረንዳውን ሦስት ደረጃዎች በሳንቃ አስሸፈንኳቸው። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ለውሻ ይህ ሁሉ ድካም!» ትል ነበር። አሁን ግን ራሷ በሰኔ ጾም የማትቀምሰውን አምባዛ ቀቅላ፣ እሾሁን በጣቷ እየለቀመች፣ ክኒኑን በሥጋው ጠቅልላ የምታጎርሰው እሷ ናት፤ ከዚያ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ትታጠባለች።

ማታ ማታ በደብተር ላይ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ በላ ወይ፣ ሳያቃስት ተኛ ወይ፣ በር ሲንኳኳ ተነሥቶ ጮኸ ወይ። ከሐኪሙ ጋር የተስማማነው፣ መጥፎው ቀን ከደጉ ሲበዛ ሳላመነታ ልጠራውና በመርፌ ሊያሳርፈው ነው። ይህን ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።

ዛሬ ጠዋት ከጣና ዳር ዓሣ የሚያመጣልን ልጅ በሩን ሲያንኳኳ፣ ሻምበል ራሱን ቀና አድርጎ፣ ከጆንያው ላይ ሳይነሣ፣ በዚያው በጎርናናው ድምፁ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ደብተሩን ከፍቼ ከተቀመጥኩ ቆየሁ፤ ከደጉ ልቁጠረው ወይስ ከመጥፎው፣ ገና አልጻፍኩም።