ፋሲል የሚባለውን ሁሉ በካሜራ፦ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሠራሁት

ጎንደር ውስጥ አንድ ስም ተከትሎ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ስም አይቸግረውም። ዳሽን ተራራ ነው፣ ቢራ ነው፣ ባንክ ነው፤ ሰው ሲጠራበት ግን ብዙም አይሰማም። እኔ ፋሲልን የመረጥኩት በሰውም፣ በቦታም፣ በዕቃም ላይ ስለሚገኝ ነው። ግንቡና መዋኛው አሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱና የዩኒቨርሲቲው ግቢ አሉ፣ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደው ፋሲል ከነማ አለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሱቅ ታፔላ፣ የባጃጅ መስታወት ላይ ጽሑፍ፣ ማሊያ፣ በየቤቱም ፋሲል ተብሎ የሚጠራ ልጅና አባት አለ።

ካሜራ ከማንሳቴ በፊት ደንብ ጻፍኩ፤ ያለ ደንብ የተነሳ ፎቶ ሲከማች ከተማውን እንጂ ስሙን አያሳይም። ደንቡ አጭር ነው። ቦታና ዕቃ ከሆነ ስሙ ፎቶው ውስጥ ተጽፎ መነበብ ወይም ሕዝቡ በዚያ ስም የሚጠራው መሆን አለበት። ሰው ከሆነ ጎረቤት በዚያ ስም የሚያውቀው መሆን አለበት። ፋሲልና ፋሲለደስ ይገባሉ፤ ፋሲካ ሌላ ስም ስለሆነ አይገባም።

ብዙ ያሳሰበኝ የአባት ስም ነው። ፋሲል የወንድ ስም ስለሆነ በመጠሪያ ስም ብቻ ብሄድ የሰው ክፍሉ በሙሉ ወንድ ይሆን ነበር። የአባት ስም ሲቆጠር ግን ነርሷም፣ ተማሪዋም፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋም ይገባሉ፤ በየደብተሩና በየመዝገቡ ስማቸው አጠገብ ፋሲል አለና። የሥራው ስፋት የመጣው ከዚህ ውሳኔ ነው። የአያት ስም ላይ አቆምኩ፤ ሰው በዕለት ኑሮው በአያቱ አይጠራም፣ እሱ ከተከፈተ ደግሞ ማብቂያ የለውም።

ሰዎቹን የማገኘው ሰው በሰው ነው። አንዱ ፋሲል ሌላውን ያውቃል፤ ሞክሼ ሞክሼውን አይረሳም። አቀራረቡ ቀላል ነው፦ «ጋሼ፣ ፋሲል ይባላሉ አሉኝ። ስሙን የያዙ ሰዎችን ፎቶ እያነሳሁ ነው፤ ፈቃድዎ ቢሆን?» ፎቶው የት እንደሚታይ እዚያው እነግራለሁ፣ ፈቃዱን በአንድ ገጽ አስፈርማለሁ፤ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የሚፈርመው ወላጅ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸውም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ በንጉሡ በዐፄ ፋሲል ነው፣ አንዳንዱ መስከረም 11 በሚታሰበው ሰማዕት በቅዱስ ፋሲለደስ ነው፤ ሁለቱ መልሶች ፎቶ ሲደረደር ይጠቅማሉ። ስም ለማረጋገጥ መታወቂያ ፎቶ ማንሳት ግን አይገባም፤ ቁጥሩና አድራሻው የሰውየው ነው።

ለቁም ፎቶ አንድ ዓይነት አሠራር ይዤ እስከ መጨረሻው አልለወጥኩም። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚ.ሜ ሌንስ (ትንሽ ሴንሰር ላይ 35)፣ ርቀት 2 ሜትር ያህል፣ የካሜራው ቁመት ከሰውየው ዓይን እኩል፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4፣ ፍጥነት (ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እንደ ብርሃኑ ከ200 እስከ 800። ቦታው ጥላ ነው፤ በር ደፍ ላይ ወይም ግንቡ ፊት ለፊት ካለው ጃን ተከል ዋርካ ሥር። ዋርካ ሥር ሲሆን ቅጠሉ አሾልኮ የሚያወርደው የብርሃን ነጠብጣብ ፊት ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ነው፤ በኋላ በኮምፒዩተር አይወጣም።

ነጠላ የለበሰ ሰው ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ካሜራው ነጩን ጨርቅ አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) እጨምርና ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ አያለሁ። የነጠላው ድርና ማግ ስክሪኑ ሲጎላ ከታየ ልኩ ነው፤ ጨርቁ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ድሩ ከጠፋ የተጨመረው ብርሃን መቀነስ አለበት። በሮው (ካሜራው የተቀበለውን ሁሉ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ማንሳት እዚህ ላይ ነው የሚክሰው፤ ጄፔግ፣ ተጨምቆ የሚቀመጠው ፋይል፣ የጠፋውን ድር አይመልስም።

እያንዳንዱ ሰው ስሙን በራሱ እጅ በነጭ ወረቀት እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ወረቀቱ ኤ5፣ እስክሪብቶው ጥቁር ማርከር ነው፤ ቀጭን እስክሪብቶ ከ2 ሜትር አይነበብም። አንዱ «ፋ»ን እግሯን አርዝሞ ይጽፋታል፣ ሌላው «ሲ» ላይ ቅጥያዋን ቀለበት ያስመስላታል፤ የእጁ ጽሑፍ ፊቱን ያህል ይናገራል። መጻፍ የማይችል ካለ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ይጽፍለታል፣ እጁ ግን ወረቀቱን ይዞ ይታያል።

ግንቡ ላይ የሚያስቸግረው ድንጋዩ ጥቁር ቡናማ፣ ሰማዩ ደማቅ መሆኑ ነው። ብርሃኑን ለሰማዩ እለካለሁ፣ ድንጋዩን ከሮው አወጣዋለሁ። ክፍሎቹ ውስጥ፣ መስኮቱም በፍሬሙ ከገባ፣ ትራይፖድ ላይ ሦስት ፎቶ፦ አንዱ በልኩ፣ አንዱ 2 ስቶፕ ቀንሶ፣ አንዱ 2 ስቶፕ ጨምሮ። ትራይፖድ ይዞ መግባትን ትኬት መቁረጫው ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ግንቡ ወደ 32 ሜትር ስለሚደርስ ከሥሩ ቆሞ ሽቅብ ያነሳ ሰው ማማዎቹን ወደ ኋላ ያወድቃቸዋል፤ ርቆ ካሜራውን ሳያጋድሉ ማንሳት ይሻላል።

ስለ ፀሐይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት። በበጋ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ጥርና የካቲት ላይ የግንቡን ሰሜናዊ ግድግዳ በቀጥታ ብርሃን መጠበቅ ከንቱ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ያ ግድግዳ ያን ጊዜ ይበራል። ሰኔና ሐምሌ ዝናብ ቢሆንም ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣው የጠራ ብርሃን ሌላ ወር አይገኝም። ድንጋዩም እርጥብ ሲሆን መልኩ ይደምቃል። በቀረው ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው የምሠራው።

መዋኛው ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ ይገባበታል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መነሳት አለበት፣ ደርቆና ሞልቶ፣ ካሜራው ከአንድ ቦታ ሆኖ። የቆምኩበትን ድንጋይ በስልክ ፎቶ ይዤ ነው በጥር የምመለሰው። አጥሩን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ደመናማ ቀን ይሻላቸዋል፤ ፀሐይ ሲመታቸው ጥቁርና ነጭ ሆነው ቅርጻቸው ይቆራረጣል። አጠገቡ ያለው፣ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር የሚባለው ቤትም ይገባል ባይ ነኝ፤ ስሙ የፈረሱ ነው፣ የሚነገረው ግን ከፋሲል ጋር ነው። ለጥምቀት ዕለት ፍጥነቱ 1/1000 ይሁን፣ ካሜራው በፕላስቲክ ይጠቅለል፤ ወጣቱ ሲዘል ውኃው አጥሩ ድረስ ይረጫል። ለጥምቀት ተመልካች የሚሠራው የእንጨት መቀመጫ ላይ ሰው ከሞላበት አልወጣም። በ2012 ዓ.ም ተደርምሶ ሰው ሞቶበታል፤ ለፎቶ ተብሎ የሚደፈር ነገር አይደለም።

ታፔላ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ትክክል ፊት ለፊቱ ካልቆሙ ፊደሉ ያጋድላል። ዘይት ቀለም ያንጸባርቃል፤ ፖላራይዘር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ማጣሪያ) የቀለሙንና የመስታወቱን ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ያልተቀባ ብረት ላይ ግን አይሠራም። በማታ የሚበራ የኤልኢዲ ጽሑፍ በፈጣን ሹተር ግማሹ ጠፍቶ ይወጣል፤ የኛ መብራት በሰከንድ 50 ዙር ስለሆነ 1/50 ወይም ከዚያ የዘገየ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ባጃጅ ሲሄድ ከተፈለገ 1/30 ላይ አብሮ እየዞሩ ማንሳት ነው፤ ጽሑፉ እንዲነበብ ግን የቆመ ይሻላል። ታርጋው ሲታተም ይሸፈናል። የፖሊስና የወታደር ቦታ ላይ ስሙ ቢጻፍ እንኳ ካሜራ አላነሳም።

መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ፎቶ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰፈር፣ ስሙ የተጻፈበት መልክና ፈቃዱ ይገባል። ከፋሲል በፊት የሚገባው የንጉሥ ማዕረግ «አፄ»፣ «አጼ»፣ «ዐፄ» ተብሎ ስለሚጻፍ ኮምፒዩተር ሲፈልግ ሦስቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ አንድ ዓምድ ታፔላው ላይ እንዳለ፣ ሌላው ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ። የፋይሉን ስም ቁጥር ብቻ አድርጌዋለሁ፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሄድ አንዳንዴ ስሙ ይበላሻል።

ሲታተም ሁሉም አንድ መጠን ነው፤ ግንቡም ባጃጁም 30 በ40 ሴንቲ ሜትር። ግንቡ ከተለቀ የቀረው ማጀቢያ ይሆናል፣ ስሙ ግን የሁሉም እኩል ነው። ለዚህ መጠን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም የነጥብ ብዛት) 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ወደ 17 ሜጋ ፒክስል፤ በ200 ዲፒአይ ለግድግዳ ከ8 ሜጋ ፒክስል በታች ይበቃል። ግንቡን መጀመሪያ አላስቀምጥም፤ ተመልካች ገና ሲያየው ርዕሱን የጨረሰ ይመስለዋል። የተነሳው ሰው ሁሉ 10 በ15 የሆነ ህትመት ይሰጠዋል፣ እሱም ቀጣዩን ፋሲል ይጠቁመኛል። መግለጫ ጽሑፉን ለማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ፣ ፊደሉ ውስጡ ገብቶ ነው የምልከው፤ በዎርድ ከሄደ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር የአማርኛ ፎንቱ ከሌለው ባዶ ሳጥን አድርጎ ያትመዋል።