ቃና ከክፍለ ቃሉ ሲላቀቅ፦ የባንቱ ቋንቋዎች ትምህርቴ በሰባተኛው ወር

ወደ ባንቱ ቋንቋዎች የገባሁት በስዋሂሊ በኩል ስለነበር፣ ስለ ቃና፣ ማለትም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ስለሚለይበት ሥርዓት፣ ምንም ዝግጅት አልነበረኝም። መደበኛው ስዋሂሊ ከአብዛኞቹ ዘመዶቹ ተለይቶ ቃናውን አጥቷል። በዚምባብዌ ወደሚነገረው ሾና፣ በተለይም ወደ ካራንጋ ዘዬው ስሻገር፣ የእያንዳንዱን ቃል ክፍለ ቃላት «ከፍ» እና «ዝቅ» እያልኩ በካርድ ላይ ጽፌ መሸምደድ ጀመርኩ። ሦስት ወር የደከምኩበት ይህ መንገድ እንደማያዋጣ ያሳየኝ «ዓሣ» የሚለው ቃል ነው።

ዓሣ በሾና «ሆቬ» ይባላል፤ ሁለቱም ክፍለ ቃላት ከፍ ብለው ይነገራሉ። ራሱ ከፍ ያለው «ኔ» ከፊቱ ገብቶ «ኔሆቬ»፣ ማለትም «ከዓሣ ጋር» ሲሆን ግን ሁለቱም ይወርዳሉ። ይህ በቤልጅጋዊው የቋንቋ ሊቅ በሜውሰን ስም የሚጠራው ሕግ ነው፤ ሁለት ከፍተኛ ቃናዎች ጎን ለጎን ሲገጥሙ ሁለተኛው ይወርዳል። ሕጉን መጀመሪያ ሳነብ «ሆ» ብቻ ወርዶ «ቬ» ከፍ እንዳለ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ሆኖም ተምችን የሚያመለክተው «ምቡንዱድዚ» እንኳ፣ ሦስት ከፍ ያሉ ክፍለ ቃላት ይዞ ሳለ፣ «ኔ» ሲቀድመው ሦስቱም አብረው ይወርዳሉ። ምክንያቱም ሦስቱ የየራሳቸው ቃና የላቸውም፤ አንድ ከፍተኛ ቃና በላያቸው ተዘርግቷል፤ እርሱ ሲወርድ ሁሉም ይወርዳሉ። የቋንቋ ሊቁ ጆን ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ቃናን ከድምፆቹ ተለይቶ በራሱ መሥመር ላይ እንደሚቆም አድርጎ መተንተኑ የገባኝ፣ በእርሳስ ከአንድ ነጥብ ወደ ሦስት ፊደላት መስመር ያሰመርኩ ቀን ነው። ካርዶቹን በሙሉ እንደገና ጻፍኳቸው።

ከዚያ የባሰ ያስደነቀኝ በታንዛኒያ የሚነገረው ዚጉላ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ወደ ሶማሊያም አድርሰውታል። «ኩሎምቤዛ»፣ መለመን፣ ሲባል ከፍ የሚለው «ቤ» ነው። ለሌላ ሰው መለመን «ኩሎምቤዜዛ» ሲሆን ከፍታው ወደ «ዜ» ይሄዳል፤ አንዱ ለሌላው መለመን «ኩሎምቤዜዛና» ሲሆን ደግሞ «ዛ» ላይ ያርፋል። ቃናው የግሡ ሀብት ነው፣ የሚሰማው ግን ዘወትር ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው። «ኩዳማኛ»፣ መሥራት፣ ግን ቃና የሌለው ግሥ ስለሆነ ቅጥያ ቢደረደርለትም ከፍ የሚል ነገር የለውም።

ለስዋሂሊ ቅርብ የሆነው፣ በሶማሊያዋ የብራቫ ከተማ የሚነገረው ቺምዊኒም አለ። በእርሱ «ጂሌ» መጨረሻው ላይ ከፍ ሲል «በላህ»፣ መጀመሪያው ላይ ከፍ ሲል «በላ» ማለት ነው። በአማርኛ «ህ» የምትሠራውን ሥራ እዚያ የድምፅ ከፍታ ብቻውን ይሠራዋል። በተለመደው የሾና ጽሕፈትም ቃና አይጻፍም፤ እኛ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለውን አንባቢው አጥብቆ ወይም አላልቶ እንዲለይ እንደምንተውለት ማለት ነው። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ያልተጻፈ ቃና አያስፈራኝም።

አነጋገሬ ግን ገና ነው። ትናንት «ኔሆቬ»ን 12 ጊዜ ቀድቼ ፕራት በተባለው የድምፅ መተንተኛ ሶፍትዌር ሳየው፣ በ9ኙ ላይ «ሆ» መውረድ ሲገባው ከ«ኔ» ጋር እኩል ቆሟል። በሚቀጥለው ወር ወደ ኪኩዩ እሻገራለሁ፤ በዚያ የአንዱ ክፍለ ቃል ቃና የሚሰማው በተከታዩ ላይ ነው። ከእናንተ መካከል የጀመረው ካለ፣ ጆሮውን በምን እንዳለማመደ ቢያካፍለን ደስ ይለኛል።