የዡል ቬርንን የጨረቃ መድፍ አኒሜት ማድረግ
ፈረንሳዊውን ልብ ወለድ ደራሲ ዡል ቬርንን ለመዘከር የሠራሁት አኒሜሽን 90 ሰከንድ ነው። የሕይወት ታሪክ በዚህ ጊዜ አያልቅም። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ብቻ ወሰድኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በወጣው «ከመሬት ወደ ጨረቃ» ውስጥ ሦስት ሰው የጫነውን ጥይት ከፍሎሪዳ የሚተኩሰውን መድፍ። ደራሲው በ1905 ስላረፈ ፈረንሳይኛው ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። አዲስ ትርጉም ግን የተርጓሚው ንብረት ነው፤ ለተራኪው የሚሆኑትን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ከፈረንሳይኛው ማስተርጎም ይሻላል።

አዲስ ሥዕል አልሣልኩም። ለመጽሐፉ አንሪ ደ ሞንቶ የሣላቸው፣ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች አሉ፤ እነሱን ቆርጦ ማንቀሳቀስ የዘመኑን መንፈስ ይጠብቃል። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጌ፣ ክሪታ በሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ የሰውየውን ክንድም እግርም በየራሱ ሌየር (ንብርብር) ለየሁ። መገጣጠሚያው ላይ ሁለቱም ቁራጮች ጫፋቸው ክብ ሆኖ መደራረብ አለባቸው፤ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ክርን ሲታጠፍ ክፍተት ያሳያል። ሰውየው የተነሣበትን ባዶ ቦታ ከጎኑ ካሉት መስመሮች እየቀዱ መሙላት አሰልቺው ሥራ ነው።

ዋናው ጣጣ መስመሮቹ ናቸው። የእነዚህ ሥዕሎች ጥላ ቀጫጭን ትይዩ መስመር ነው። ምስሉ ወደ ቪዲዮው መጠን፣ 1920 በ1080 ፒክሰል፣ ሲያንስ መስመሮቹ ከፒክሰሎቹ ጋር አልገጥም ብለው፣ ሥዕሉ ላይ የሌለ ሞገድ ይፈጠራል፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲሄድ ደግሞ ሰማዩ በሙሉ ይርገበገባል። ስለዚህ ከማሳነሱ በፊት ምስሉን በጥቂቱ ማደብዘዝ፣ በመጨረሻው መጠን ማስቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ በሙሉ ፒክሰል ብቻ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ዙም ጨርሶ ተውኩት፤ ለቅርብ እይታ ያንኑ ሥዕል በሌላ መጠን አዘጋጅቶ መቁረጥ ይበቃል።

ቁራጮቹን የማንቀሳቅስበት ሶፍትዌር፣ ብሌንደር፣ በሁለት ኪፍሬም (አቋሙ በእጅ በተወሰነባቸው ፍሬሞች) መካከል ያለውን እንቅስቃሴ በራሱ ያለሰልሰዋል። ለወረቀት ቁራጭ ይህ አይሆንም፤ ኢንተርፖሌሽኑን (መካከሉን የሚሞላበትን መንገድ) ኮንስታንት፣ ማለትም ያለ ማለስለስ፣ አድርጎ አንዱን አቋም ሁለት ሁለት ፍሬም ማቆየት ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን 90 ሰከንድ 2160 ፍሬም፣ ማለትም 1080 አቋም ይሆናል።

ተኩሱ ሒሳብ ይጠይቃል። የመድፉ ርዝመት 900 ጫማ፣ የጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ 12,000 ያርድ ነው፤ ወደ 274 ሜትርና 11 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ጥይቱ በመድፉ ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ ወደ 0.05 ሰከንድ ስለሆነ፣ ከአንድ ፍሬም ብዙም አያልፍም። ማሳየት አይቻልም ማለት ነው፤ ያለው አማራጭ ተመልካቹን ማስጠበቅ ነው። 12 ፍሬም ያለ ድምፅና ያለ እንቅስቃሴ፣ 2 ፍሬም ነጭ፣ ከዚያ አራት ሰከንድ ጭስ። ብልጭታው አንድ ብቻ ይሁን፤ በሰከንድ ከሦስት በላይ የሆነ ብልጭታ የሚጥል በሽታ ላለበት ተመልካች አደገኛ ነው። (በመድፉ ውስጥ እስከዚያ ፍጥነት ሲፋጠኑ ተሳፋሪዎቹ ከመሬት ስበት ከ20,000 እጥፍ በላይ ይጫናቸዋል፤ ቬርን ግን ግፊቱን እንዲያቀልላቸው ከወለሉ ሥር ውሃ አድርጎላቸዋል። ውሃውን እንዳለ አሳየሁት።)

ሬንደር (የመጨረሻውን ምስል ማውጣት) በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አይደረግም። በፒኤንጂ የምስል ፋይል ፍሬም በፍሬም ከወጣ፣ ማሽኑ 1500ኛው ላይ ቢቆም ከ1501 ይቀጥላል። የሌሊቱ ሰማይ የቀለም እርከኖቹ ጥቂት በሆኑበት በ8 ቢት ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይታያል፤ እርከኖቹ በሚበዙበት በ16 ቢት ሠርቶ መጨረሻ ላይ ቀጭን ግሬይን (እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ) መጨመር ይሸፍነዋል። ቪዲዮው ሲጨመቅ ቀድሞ የሚጠፋው ግሬይኑ ስለሆነ ቢትሬቱን (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበውን የዳታ መጠን) ከፍ ማድረግ ነው።