ዝያለሁ ማለት

ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሥራውን ልተወው ወይስ እስከ ፋሲካ ልቻለው የሚለው ሐሳብ ሰሞኑን ይዞኛል። ከዚሁ ጋር ስታገል፣ ይህች ያለሁባት ፊላደልፊያ እስከ ዛሬ በፍቅር የምታነሣው የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ዲክ ቨርሚል ትዝ አለኝ።

ቨርሚል የካሊፎርኒያ መካኒክ ልጅ ነው። የዩሲኤልኤን የዩኒቨርሲቲ ቡድን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1976 የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ሮዝ ቦውል በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ታላቅ ጨዋታ፣ ኦሃዮ ስቴት የተባለውን ዩኒቨርሲቲ 23 ለ 10 ረታ፤ ኦሃዮ ስቴት እስከዚያች ቀን ያልተሸነፈ፣ በዚያው የውድድር ዘመንም ዩሲኤልኤን 41 ለ 20 የቀጣ ቡድን ነበር። ወዲያው ሽንፈት የለመደውን የፊላደልፊያውን የፕሮፌሽናል ቡድን ኢግልስን ተረከበና በአምስተኛው ዓመት ለሱፐር ቦውል፣ ለሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ አበቃው፤ ሬይደርስ በተባለ ቡድን ተሸነፈ እንጂ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቢሮው ነገር ነው። የጨዋታ ፊልም እየደጋገመ ሲያይ ይመሽበትና ቤቱ ሳይሄድ እዚያው ያድር ነበር። ከ1982ቱ ውድድር በኋላ፣ በ46 ዓመቱ፣ ዝያለሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሮ ለቀቀ። ጥንካሬ ብቻ በሚወደስበት ሙያ ይህን ቃል ማውጣት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አሁን ነው የገባኝ።

14 የውድድር ዘመናት በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተነትን ቆይቶ በ1997 የሴንት ሉዊሱን ቡድን ራምስን ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት 5፣ በሁለተኛው 4 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። በሦስተኛው፣ ውድድሩ ሳይጀመር ዋናው ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ቨርሚል እንባው እየመጣ፣ በኩርት ዋርነር ዙሪያ ተሰባስበን ጥሩ እንጫወታለን አለ። ተተኪው ዋርነር አዮዋ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት በሌሊት መደርደሪያ ሲሞላ የነበረ ልጅ ነው። በጥር 2000 የሱፐር ቦውሉ የመጨረሻ ቅጽበት፣ የተጋጣሚው የቴነሲ ተጫዋች ኬቨን ዳይሰን ወድቆ ኳሷን የያዘ እጁን ወደ ጎል መስመሩ ሲዘረጋ፣ የራምሱ ማይክ ጆንስ እግሩን አንቆ ይዞታል፤ አንድ ያርድ፣ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ቀረው። ራምስ 23 ለ 16 አሸነፈ። ቨርሚል 63 ዓመቱ ነበር።

ከድሉ በኋላ ጡረታ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ የካንሳስ ሲቲን ቡድን ለማሰልጠን ተመለሰ። ሥራውን እንዲህ የሚወድ ሰው ያን ሁሉ ዘመን ርቆ የቆየው እየዳነ ነበር ወይስ እየናፈቀ? በ1983 ጥርሱን ነክሶ ቢቀር ኖሮስ፣ በዚያች አንድ ያርድ ጊዜ ሜዳው ዳር የሚቆም ጉልበት ይተርፈው ነበር?