ኤክስፒ ከሞት ተነሳ

ዛሬ ሐዋሳ ዝናብ ነበር፣ እኔም ከቤት አልወጣሁም። የአባቴ የድሮ ሲዲ ላይ በፓወር ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፉ ደብዳቤዎች አሉ፤ በአዲሱ ላፕቶፕ ስከፍታቸው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ! ዛሬ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ስላልተጻፉ ነው።

በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥረውን ቨርቹዋልቦክስ የተባለ ፕሮግራም አወረድኩ (በነጻ ነው)፣ 512 ሜጋባይት ራም ሰጥቼ ፓወር ግዕዝ የሚሠራበትን የድሮውን ዊንዶውስ ኤክስፒን መጫን ጀመርኩ። «39 ደቂቃ ይቀራል» ሲል መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። እንደገና ከዜሮ።

ማታ ላይ ያ የኤክስፒ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ በአንዲት መስኮት ውስጥ ብቅ ሲል እናቴ ከኋላዬ መጥታ «ውይ፣ ይሄማ የድሮው ኮምፒውተራችን ነው!» አለች። ኢንተርኔቱን ዘግቼበታለሁ፤ ማይክሮሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ድጋፉን ስላቆመ አላምነውም።

ፓወር ግዕዝን ጫንኩና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፈትኩ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይላል።